ቀድሞ የወረደው ሰውዬ እንዴት ተሸነፈ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ ትንሽ አስቀውናል። ሀገሩ ጅማ ነው፣ ውጪ ዝናቡ አላባራም፣ ገበያው ጭቃ ነው፣ የናንተ ጥያቄ ግን ከላይ እስከ ታች በረዶ ነው። ነገሩ ሲጣራ አንድ የዲሽ ቻናል የቤጂንግ 2022 የክረምት ፓራሊምፒክን (የአካል ጉዳተኞቹን ኦሎምፒክ) ደጋግሞ ሲያሳይ ሰንብቷል አሉ፣ ቡና ቤት የሚቀመጠው ሁሉ አይቶት ተከራክሮበታል፣ ክርክሩ ሲከር ደግሞ ወደኛ ተላከ። እሺ እንመልሳለን። አመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ተለዋወጠብን እንዳትሉ።

ውድድሩን ላላዩት ባጭሩ፣ ስኪ ማለት እግር ስር በሚታሰር ረጅም ቀጭን ሰሌዳ በረዶ ላይ መንሸራተት ነው፣ ሰሌዳውም ራሱ ስኪ ይባላል። ስላሎም የሚባለው የስኪ ውድድር ደግሞ ቁልቁለት በረዶ ላይ በቀይና በሰማያዊ ዘንጎች መሀል እየተጠማዘዙ መውረድ ነው። በዘንጎቹ መሀል ያለው ማለፊያ በር ይባላል፣ አንድ በር ከሳትክ ወጣህ በቃ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይወረዳል፣ በሁለተኛው ዙር ዘንጎቹ ቦታ ቀይረው ይተከላሉ፣ የሁለቱ ዙር ሰአት ተደምሮ ትንሹ ያሸንፋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። እኔ ባጃጅ ነው የምሰራው፣ ማታ ማታ ከጓደኛዬ ጋር ቡና ቤት ኳስ እናያለን፣ የዛን ቀን ኳስ ስላልነበረ ስኪውን አየን። ተወራረድን። የኔ ሰውዬ ሁለት እግር አለው አንድ እጁ ነው የሌለው፣ የሱ ደግሞ በአንድ እግር ብቻ ሆኖ ክራንች የመሰለ ነገር ይዞ ይወርዳል። የኔው በአይናችን እያየነው ፈጥኖ ጨረሰ፣ ከዛ ስም ዝርዝሩ ሲወጣ ከታች! ይሄ ነገር ማጭበርበር ነው ወይስ ኮምፒውተሩ ነው የተሳሳተው? ጓደኛዬ "አዝነውለት ነው" ይላል፣ ግን ብሩን ተቀበለኝ። (ባጃጅ ሹፌር፣ ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ኮምፒውተሩም አልተሳሳተም፣ ማንም ለማንም አላዘነም ወንድሜ። የተሸነፍከው በማባዛት ነው።

በአካል ጉዳተኞች አልፓይን (የቁልቁለት) ስኪ ሜዳሊያ የሚሰጠው በሶስት ምድብ ነው፣ ቆመው የሚወርዱ፣ ተቀምጠው የሚወርዱ፣ ማየት የተሳናቸው፣ ወንድና ሴት ለየብቻ። ድሮ እንዲህ አልነበረም። እያንዳንዱ የጉዳት አይነት የራሱ ውድድርና የራሱ ወርቅ ነበረው፣ ስለዚህ አንዳንዱ ክፍል ውስጥ የሚወዳደረው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፣ ተመልካቹም ማን ምን እንዳሸነፈ ግራ ይገባዋል። ከቱሪን 2006 ጀምሮ ነው ወደ ሶስት የተሰበሰበው። ሲሰበሰብ ግን አንተ ያየኸው ችግር መጣ፣ አንድ እግር ያለውና አንድ እጅ ያለው እኩል ቁልቁለት ላይ ቆሙ፣ ታዲያ እንዴት ይነጻጸራሉ?

መልሱ ፋክተር የሚሉት ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ስኪ ወራጅ በሀኪምና በባለሙያ ታይቶ ክፍል ይሰጠዋል። የክፍሉ መለያ ኤልደብሊው (LW) ይባላል፣ ቆመው የሚወርዱት ከኤልደብሊው 1 እስከ ኤልደብሊው 9 ናቸው፣ 1 ሁለቱም እግሮቹ ክፉኛ የተጎዱ፣ 2 የጓደኛህ ሰውዬ ነው፣ በአንድ እግር በአንድ ስኪ የሚወርድ፣ 4 ከጉልበቱ በታች አንድ እግሩ የተቆረጠ ግን በሁለት ስኪ የሚወርድ፣ 5/7 የሚሉት ሁለቱም እጆቹ ላይ ጉዳት ስላለ ያለ ምንም ዱላ የሚወርድ፣ 6/8 ያንተው ሰውዬ አንድ እጁን ያጣ፣ 9 ደግሞ እጅም እግርም። ለእያንዳንዱ ክፍል ከአንድ ያነሰ ወይም ለአንድ የቀረበ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ጉዳቱ ስኪውን ይበልጥ የሚያከብድ ከሆነ ቁጥሩ ያንሳል። የወረደበት ሰአት በዛ ቁጥር ይባዛል፣ ደረጃው የሚወጣው በተባዛው ነው።

እስቲ በወረቀት እንየው፣ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ከራሴ ያመጣኋቸው ናቸው እንጂ የማንም ውጤት አይደሉም። ያንተው ሰውዬ በሁለቱ ዙር 100 ሰከንድ ወሰደበት እንበል፣ ፋክተሩ 0.99 ቢሆን 99 ሰከንድ ተመዘገበለት። የጓደኛህ 108 ሰከንድ ፈጀ፣ ፋክተሩ 0.90 ቢሆን 97.2 ሆነ። አለቀ። በአይንህ ስምንት ሰከንድ የቀደመው በሂሳቡ ወደ ሁለት ሰከንድ ገደማ ተቀደመ ማለት ነው፣ ለዛ ነው አይንህን ማመን ያቃተህ።

ፋክተሩ ደግሞ ለሁሉም ውድድር አንድ አይነት አይደለም፣ የስላሎሙ ከዳውንሂሉ (ብዙ ሳይጠማዘዙ ከሚወረድበት ውድድር) ይለያል። ለምን ብትል ቀጥ ብሎ በፍጥነት መውረድና ቶሎ ቶሎ መታጠፍ ከገላህ የሚፈልጉት ነገር አንድ ስላልሆነ። ስላሎም ላይ ሁለት እጅ ያለው ሰው ዘንጉን እየመታ ከፊቱ ያስወግዳል፣ ሁለቱም እጅ የሌለው ግን የሚመታበት ነገር ስለሌለ በአገዳውና በትከሻው እየገፋ ነው የሚያልፈው፣ ወይ ሰፋ አድርጎ ይዞራል፣ ሰፋ ማለት ደግሞ ሰአት ነው። ዳውንሂል ላይ እንዲህ የተጠጋጋ ዘንግ የለም።

ፋክተሩ ባይኖር ኖሮ ማን እንደሚቀርብን ልንገርህ። አዳም ሆል የሚባል የኒውዚላንድ ሰው አለ፣ ሲወለድ ጀምሮ ስፓይና ቢፊዳ የሚባል የአከርካሪ ችግር ያለበት፣ ክፍሉ ኤልደብሊው 1። ይሄ ሰውዬ ቫንኩቨር 2010 ላይ ቆመው በሚወርዱት ስላሎም ወርቅ ወሰደ፣ ያውም ሁለተኛው ዙር ላይ ወድቆ ተነስቶ! ከስምንት አመት በኋላ ፒዮንግቻንግ 2018 ላይም ደገመው። እንደ ጓደኛህ አባባል ቢሆን ለዚህ ሰውዬ ሁለት ጊዜ አዝነውለታል ማለት ነው፣ እኔ ግን ወድቆ ተነስቶ ወርቅ የወሰደን ሰው "አዘኑለት" ለማለት አፌን አይሞላውም።

ይሄ ሲባል ፋክተሩ ክርክር የለበትም ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚወጣው ካለፉ ውድድሮች ውጤት ስለሆነ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ልዩ ጎበዝ ከተነሳ ክፍሉ ሁሉ ጎበዝ ሊመስል ይችላል፣ ያን ጊዜ የክፍሉ ሌሎች ሰዎች የሱን እዳ ይከፍላሉ። በረዶውም አለ፣ ውድድሩ ብዙ ጊዜ ማርች ላይ ስለሚሆን ከሰአት በረዶው ይለሰልሳል፣ የለሰለሰ በረዶ ለአንድ እግርና ለሁለት እግር እኩል አያስቸግርም፣ ፋክተሩ ግን ጠዋትም ከሰአትም ያው ነው። በኔ እይታ ግን ካሉት መጥፎ አማራጮች የተሻለው ይሄ ነው፣ ሌላው አማራጭ ሶስት ሰው ብቻ አሰልፎ ለሶስቱም ሜዳሊያ ማደል ነበር።

ውርርዱን በተመለከተ፣ ስትወራረዱ "ማን ቀድሞ ይወርዳል" ብላችሁ ከሆነ ብርህን አስመልስ፣ "ማን ያሸንፋል" ከሆነ ግን ዝም በል።

ጥያቄ፦ ሰላሙ አለይኩም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ማየት አልችልም። ጓደኞቼ ውድድሩን እየተረኩልኝ ነበር፣ አንዱ አይነ ስውር በሰአት እንዲህ ኪሎ ሜትር ወረደ ሲሉኝ ቀልደውብኝ መስሎኝ ተቆጣሁ። እውነት ከሆነ ዘንጉን እንዴት ያገኘዋል? ስፖርት ስወድ ነው የጠየቅኩት፣ እንዳታድበሰብሱብኝ። (ከጅማ ዩኒቨርሲቲ)

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም። አልቀለዱብህም፣ እውነት ነው።

ከፊቱ ጋይድ አለ። ጋይዱ የሚያይ ሰው ነው፣ ራሱ ጎበዝ ስኪ ወራጅ መሆን አለበት፣ ሁለቱም ሄልሜታቸው ውስጥ በብሉቱዝ ወይ በሬዲዮ የሚገናኝ ጆሮ ማዳመጫ አላቸው፣ ጋይዱ ከፊት እየወረደ "ግራ፣ ቀኝ፣ አሁን" እያለ ይናገራል፣ ከኋላ ያለው ሰምቶ ይታጠፋል። የጋይዱ ስኪ በረዶውን ሲልግ የሚያወጣውንም ድምጽ የሚከተሉ አሉ። አንተ ሩጫውን ታውቀዋለህ መቼም፣ ያየሽ ጌጤ ፓሪስ 2024 ላይ በ1500 ሜትር ለሙሉ አይነ ስውራን ወርቅ ስትወስድልን አብሯት ከሚሮጠው ጋር በእጃቸው በገመድ ተያይዘው ነበር። ስኪ ላይ ገመድ የለም። ድምጽ ብቻ ነው።

አሁን ለምን ስላሎም ለእናንተ ከሁሉም የሚከብድ እንደሆነ ልንገርህ። ከአንዱ መታጠፊያ ዘንግ ወደ ሚቀጥለው ያለው ርቀት በስላሎም ህግ ከ6 ሜትር አያንስም ከ13 ሜትር አይበልጥም። እየበረርክ 6 ሜትር ማለት ገና አንዱን ቃል ሰምተህ ሳትጨርስ ሌላው ደረሰ ማለት ነው፣ ስለዚህ ጋይዱ ዘንጉ ጋ ሲደርስ ሳይሆን ከዛ በፊት ነው መናገር ያለበት፣ በጣም ከቀደመ ደግሞ ያለ ቦታው ትታጠፋለህ። ሁለቱ አብረው አመታት የሚለማመዱት ይሄን ልክ ለማግኘት ነው። ዳውንሂል ፍጥነቱ ከ100 ኪሎ ሜትር በሰአት ይበልጣል፣ ያስፈራል፣ ግን መታጠፊያው ሰፊ ነው፣ የቃል ጋጋታ የለውም።

እናንተም ክፍል አላችሁ፣ ምንም የማያዩ፣ ትንሽ የሚያዩ፣ ከዛ ሻል ያለ የሚያዩ። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ ብርሀን በማያሳልፍ የተጠቆረ መነጽር እንዲያደርጉ ይገደዳሉ፣ አንዱ ጥላ ቢጤ ቢያይ ሌላው ምንም ባያይ እኩል እንዲሆኑ ነው። ከላይ ለባጃጁ ወንድማችን ያልኩት ፋክተር እዚህም አለ።

ደስ የሚለው ጋይዱም ሜዳሊያ ይወስዳል፣ እኩል መድረክ ላይ ይቆማል። የስሎቫኪያዋ ሄንሪታ ፋርካሾቫ ፒዮንግቻንግ 2018 ላይ 4 ወርቅና 1 ብር ስትወስድ ጋይዷ ናታሊያ ሹብርቶቫም አብራት ወስዳለች። ጣሊያናዊው ጃኮሞ ቤርታኞሊ ደግሞ የስላሎሙን ወርቅ በ2018ም በ2022ም ያገኘው በሁለት የተለያዩ ጋይዶች ነው፣ ለኔ ይሄ ከወርቁ በላይ ይገርመኛል፣ የለመድከውን ድምጽ ቀይረህ እንደገና ማመን ቀላል ነገር አይደለም። አንተ ይሄን ከኔ የበለጠ ታውቀዋለህ፣ መንገድ የሚያሻግርህ ሰው ሲቀየር ምን እንደሚሰማህ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዌቱ ወንዝ አካባቢ የብየዳ ስራ አለኝ። እህቴ ዊልቸር ነው የምትጠቀመው። ቪዲዮ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠው በአንድ ስኪ ሲወርዱ አይታ እንቅልፍ አጣች፣ እኔም አብሬ አጣሁ። ያ ወንበር በቱቦላሬና በሞተር ሳይክል ሾክ አይሰራም? ለሙከራ ከጂሬን ቁልቁል ጎማ አድርገንበት ብናስወርዳትስ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፣ ከጂሬን ቁልቁል አታስወርዳት። ከቤተ መንግስቱ ጀምሮ የሚመጣው ባጃጅ፣ አህያና ቱሪስት ፋክተር የለውም።

ወደ ስራው ስንመጣ ግን አይንህ ጥሩ ነው፣ ነገሩ በደንብ ገብቶሀል። ሞኖስኪ ይባላል። ከላይ ወንበር፣ ከስሩ የብረት ወይ የአሉሚኒየም ፍሬም፣ መሀሉ ላይ እውነትም ከሞተር ሳይክል ጋር የሚዛመድ ሾክ፣ ከሱ ስር ማንም ሰው የሚያደርገው አይነት አንድ ስኪ። ወደ ላይ የሚወስደው የገመድ ሊፍት ላይ ለመቀመጥ ወንበሩን ከፍ የሚያደርግ ዘዴም አለው። በሁለቱ እጅ የሚያዘው አጭር ክራንች ጫፉ ላይ ትንሽዬ ስኪ የተገጠመለት ነው፣ አውትሪገር ይሉታል፣ ሚዛን የሚጠበቀውና መታጠፊያው የሚታገዘው በሱ ነው።

ከባዱ ብየዳው አይደለም፣ ወንበሩ ነው። ስኪው የሚታዘዘው በወገብ ስለሆነ ወንበሩ ከገላ ጋር ጥብቅ ማለት አለበት፣ ትንሽ ልል ከሆነ ሰውዬው ይዞራል ስኪው አይዞርም። ለዛ ነው ወንበሩ በያንዳንዱ ሰው ልክ የሚቀረጸው። ጅማ ላይ በርጩማ ከአንድ ግንድ ጠርበው የሚያወጡ ሰዎች መቀመጫ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፣ እጃቸው ወርቅ ነው፣ ግን እዚህ ጋ ሌላ ነገር አለ። እህትህ ከወገቧ በታች ስሜት ከሌላት ጠንካራ ነገር ላይ ጥብቅ ብላ ስትታሰር ህመሙ አይነግራትም፣ ቁስል ይፈጠራል፣ የመቀመጫ ቁስል ደግሞ ወራት የሚያስተኛ ነገር ነው። ስለዚህ ለጨዋታም ቢሆን የሆነ ነገር ልትሰራላት ካሰብክ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ውሰዳት፣ ፍራሹንና ቀበቶውን እነሱ ይንገሩህ፣ ብረቱን አንተ።

ተቀምጠው የሚወርዱትም ከኤልደብሊው 10 እስከ 12 ይከፈላሉ፣ 10 ሆድና ወገቡን ማዘዝ የማይችል፣ 12 ወገቡ ደህና የሆነ ለምሳሌ ሁለት እግሩ የተቆረጠ። የውድድር ሞኖስኪ ዋጋው በሺዎች ዶላር ነው፣ እዛም ሀገር ቢሆን ሁሉም ሰው ኪሱ የሚደርስበት አይደለም።

ደግሞ ይሄን ስማ፣ ነገሩ መጀመሪያም የመጣው ከእንዳንተ አይነት እጅ ነው። በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ ጀርመንና ኦስትሪያ እግራቸውን ያጡ ወታደሮች ሞልተው ነበር፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ፍራንዝ ቬንደል የሚባል ጀርመናዊ ክራንች ላይ አጭር ስኪ አስሮ ወረደ፣ በእጅ ቦምብ ሁለት እግሩን ያጣ ሴፕ ዝቪክናግል የሚባል ኦስትሪያዊ ደግሞ በሰው ሰራሽ እግር ስኪ መውረድ ሞክሮ ሌላ ሰው እስከማስተማር ደረሰ። በ1948 ባድጋስታይን ኦስትሪያ ላይ 17 ሰዎች ተወዳደሩ። ከዛ በ1976 ስዊድን ኤርንሾልድስቪክ የመጀመሪያው የክረምት ፓራሊምፒክ ተደረገ።

እህትህ ቪዲዮ የምትፈልግ ከሆነ አና ሻፍልሁበር ብለህ ፈልግላት። ጀርመናዊት ናት፣ ሶቺ 2014 ላይ ተቀምጠው በሚወርዱት 5 ውድድር 5 ወርቅ። ስላሎሙ ላይ ሲጀመር አውትሪገሯ በደንቡ አልቆመም ተብላ ከውድድር ውጪ ተደርጋ ነበር፣ ይግባኝ ተብሎ ነው የተመለሰላት። ዳኞቹ ስንት ነገር እንደሚያዩ አስበው፣ እኛ ኳስ ላይ ፔናሊቲ እንኳ በስንት ጭቅጭቅ ነው።

ጥያቄ፦ የኑሮ ውድነቱ አንገታችን ደርሶ እናንተ ስለ በረዶ ትጽፋላችሁ። በረዶ የሌለበት ሀገር ምን አገባን? (ስሜ ይቆይ፣ መርካቶ ጅማ)

መልስ፦ እኛ መች ጀመርነው፣ ጠያቂዎቹ ናቸው! ግን "አይመለከተንም" ያልከው ላይ አልስማማም። ኡጋንዳስ በረዶ አላት እንዴ ሰው የሚወዳደርበት? ቶፊሪ ኪቡካ የሚባል ማየት የተሳነው ኡጋንዳዊ ያኔ በ1976 የመጀመሪያው የክረምት ፓራሊምፒክ ላይ በሀገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል፣ በ1980ም ጌይሎ ኖርዌይ ላይ ተመልሷል፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያው እሱ ነው። የኛው ሮቤል ተክለማርያም አካል ጉዳተኛ ባይሆንም ቱሪን 2006 እና ቫንኩቨር 2010 የክረምት ኦሎምፒክ ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ስኪ ሄዷል። አፍሪካ ውስጥም ሌሶቶ ተራራ ላይ የስኪ ቦታ አለ፣ ሞሮኮ ኡካይመደን አለ። እኛ ጋ ራስ ዳሸን አንዳንዴ ነጭ ይለብሳል፣ ለስኪ ግን አይሆንም፣ ይሄን እቀበልሀለሁ።

በበጋው ፓራሊምፒክ ደግሞ እኛም ስም አለን። ወንድዬ ፍቅሬ ለንደን 2012 ላይ የመጀመሪያውን ሜዳሊያ በ1500 ሜትር አመጣ፣ ብር። ታምሩ ደምሴ ሪዮ 2016 ላይ ሌላ ብር፣ ትግስት ገዛኸኝ ቶኪዮ ላይ የመጀመሪያውን ወርቅ። ሁሉም 1500 ሜትር መሆኑ ለራሱ አንድ ጥያቄ ነው፣ ሩጫ ስለምንችል ነው ወይስ ለሌላው እቃ ስለሌለን? የውድድር ዊልቸር፣ የስፖርት ሰው ሰራሽ እግር፣ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ናቸው። አንተ ያልከው የኑሮ ውድነት እዚህ ጋ ነው የሚገባው።

ጥያቄ፦ አንድ እጅ የሌለው ሰው እንዴት አይወድቅም? (የ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ ኮቺ)

መልስ፦ ይወድቃል እንጂ! ሁሉም ይወድቃል። ግን ስኪ የሚታጠፈው በእግርና በዳሌ ነው፣ ዱላው የሚያግዘው ለምትና ለሚዛን ነው። ጌርድ ሾንፌልደር የሚባል ጀርመናዊ በ1989 በባቡር አደጋ ቀኝ እጁን አጥቶ ከዛ በኋላ በፓራሊምፒክ 22 ሜዳሊያ ሰብስቧል፣ 16ቱ ወርቅ። የቤት ስራህን ጨርሰህ ነው ግን ቲቪ የምታየው?

ጥያቄ፦ ቀጥታ ስርጭቱን መቼ ነው የምናየው? ድጋሚው ሰለቸን። (ቡና ቤቱ በሙሉ)

መልስ፦ የክረምት ፓራሊምፒክ በየአራት አመቱ ነው፣ ከኦሎምፒኩ ቀጥሎ በዛው ከተማ። ከቤጂንግ 2022 ቀጥሎ ያለው ሚላኖ ኮርቲና 2026 ነው፣ ከማርች 6 እስከ 15፣ በኛ ከየካቲት 27 እስከ መጋቢት 6 ቀን 2018። የስኪው ቁልቁለት ኮርቲና ነው። ከዛ በኋላ በ2030 የፈረንሳይ አልፕስ። የጣሊያን ሰአት ያኔ ከኛ በ2 ሰአት ስለሚዘገይ እነሱ ጋ ጠዋት የሚጀመረው እኛ ጋ እኩለ ቀን አካባቢ ይደርሳል፣ ባለቤቱን ቀድማችሁ ለምኑት፣ በዛ ሰአት ድራማ ነው የሚከፍተው።